ከካታሊስቱ በፊት የሚጠገኑት

ዕድሜው ሃያ ዓመት ያለፈ መኪና የያዘ ሰው የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶበት ኮምፒውተር ሲያስነብብ አንድ ኮድ ብቻ ይዞ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሦስትና አራት ኮዶች ተደርድረው ይወጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ኮድ ጀርባ አንድ ዕቃ፣ ከዕቃውም ጀርባ አንድ ዋጋ አለ። ጅማ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ትንሽ ይከብዳል። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላና የዘይት ማጣሪያ በየሱቁ አለ፤ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያነብ ኦሪጅናል የኦክስጅን ሴንሰር ወይም ለሞተሩ ልክ የሆነ፣ ጭሱን የሚያጠራ ካታሊስት ግን አብዛኛውን ጊዜ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ የመጣው ዕቃ አልገጥም ሲል መልሶ መላኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመቀየር አቅሙ የሌለን ሰዎች የትኛው ይቅደም የሚለውን በሚገባ አስበን መወሰን ያለብን ስለዚህ ነው።

የእኔ መኪና 1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር ያለው እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው። ያወጣው ፒ0302፣ ማለትም ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም የሚለውን፤ ፒ0171፣ ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል የሚለውን፤ ፒ0135፣ የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ አይሠራም የሚለውን፤ በመጨረሻም በየጋራዡ "የካታሊስት ኮድ" የሚባለውን ፒ0420 ነበር። በመጀመሪያ ያሳየሁት ጋራዥ ያቀረበልኝ መፍትሔ አጭር ነው፤ ካታሊስቱ ተከፍቶ ውስጡ ይውጣ፣ መብራቱን በኮምፒውተር እናጠፋዋለን፣ መኪናውም ይፈጥንልሃል። ይህን ሐሳብ ያልተቀበልኩበትን ምክንያት ለማስረዳት ካታሊስቱ ምን እንደሚሠራና በምን እንደሚሞት መናገር ያስፈልጋል።

ካታሊስት በማርሚታው፣ ማለትም በጭስ ማውጫው፣ መስመር ላይ የሚገኝ የብረት ቀፎ ሲሆን ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሴራሚክ ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብቷል። ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ሥራውን ይጀምርና ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውኃ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጣል። ሦስቱንም ሥራ በአንድነት አሟልቶ የሚሠራው ግን ሞተሩ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ገደማ አየር እያስገባ ሲያቃጥል ብቻ ነው። በራሱ የሚዞርም ሆነ የሚፋተግ አካል የለውም፤ የሚገድሉት ከእርሱ በፊት ያሉት ክፍሎች ናቸው። ሳይቃጠል ያለፈ ቤንዚን ውስጡ ገብቶ ሲቀጣጠል ሴራሚኩን እስከ ማቅለጥ ያደርሰዋል፤ ሞተሩ የሚበላው ዘይት በያዘው ፎስፈረስ ግድግዳውን ይሸፍነዋል፤ የቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጋስኬት አሳልፎት የሚገባው የራዲያተር ፈሳሽም የራሱን ንጣፍ ያነጥፍበታል። ስለዚህ ፒ0420 ከሌሎች ኮዶች ጋር አብሮ ሲመጣ እኔ የማነበው እንደ ውጤት ነው። አንድ ሲሊንደሩ በማያቃጥል ሞተር ላይ አዲስ ካታሊስት መግጠም አዲሱንም ለዚያው ዕጣ መዳረግ ነው።

ውስጡን ቦርቡሮ ማውጣትን በተመለከተ፣ ብዙ መካኒኮች በቅንነት እንደሚመክሩት አውቃለሁ፤ የተዘጋ ካታሊስት ጉልበት እንደሚያሳጣም እውነት ነው። ነገር ግን ካታሊስቱ ሲወጣ የኋለኛው ሴንሰር የፊተኛው የሚያየውን ያንኑ ጭስ ማየት ስለሚጀምር ኮዱ መመለሱ አይቀርም፤ እንዳይመለስ ደግሞ ሴንሰሩን በትርፍ ብረት ከጭሱ ማራቅ፣ ወይም ፕሮግራሙን መንካት ይከተላል። ከዚያ በኋላ መኪናው በእውነት ሲታመም የሚናገርበት አንደበት አይኖረውም። ጭሱን የሚተነፍሰውም ባለ መኪናው ሳይሆን እዚሁ ጅማ ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ በመንገዱ ዳር በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው።

በሌላ በኩል እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን እንደሚኖሩ መቀበል አለብን። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በእጅጉ አስወድዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። "ይህንን ሸጬ የተሻለ እገዛለሁ" የሚለው አማራጭ የጠበበበት ሰው መኪናውን በቅደም ተከተል መጠገን ግድ ይሆንበታል።

የቅደም ተከተሌ መሠረት ቀላል ነው፤ ሌላውን ክፍል የሚገድል ወይም የሌላውን ክፍል ንባብ የሚያዛባ ብልሽት ይቀድማል፤ ራሱን ብቻ የሚጎዳ ይከተላል፤ በሌሎች የተጎዳው ደግሞ መጨረሻ ይታያል። ዋጋ የሚገባው በእኩል ደረጃ ባሉት መካከል ለመምረጥ ነው። ከዚህ ሥርዓት ውጪ የማደርጋቸው ሁለት ብልሽቶች አሉ፤ የቤንዚን መፍሰስና ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገባ ጭስ። የመጀመሪያው እሳት ነው፤ ሁለተኛው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በተለይ በዝናብ ወራት መስኮት ተዘግቶ በሚነዳበት ጊዜ ራስ ምታትና ድንዛዜ ያመጣል፣ ከባሰም ይገድላል። ከማርሚታው ቀዳዳ ወይም ከኋላ በር ጎማ መላላት የሚመጣ ጭስ ካለ የትኛውም ኮድ ይቆይ፤ እርሱ ይቅደም።

አንድ ማሳሰቢያ ከመቀጠሌ በፊት። ኮዶቹ ከመጥፋታቸው በፊት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ፣ የስካነሩ፣ ገጽ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው የሞተር ሙቀት፣ ፍጥነትና ጭነትም አብሮ ይነሣ፤ ስካነሮች ይህንን ፍሪዝ ፍሬም ይሉታል። እኔ ባየሁት ልማድ መካኒኩ ስካነሩን እንደሰካ መጀመሪያ ማጥፊያውን ይጫናል፣ "ከተመለሰ እናየዋለን" ይላል። በዚያች ቅጽበት ከማንኛውም ዕቃ የበለጠ ዋጋ ያለው መረጃ ይጠፋል። የባትሪ ገመድ ነቅሎ መመለስም ያንኑ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ለዚያ ሞተር ሲማር የቆየውን የነዳጅ ማስተካከያ ሁሉ ያስረሳዋል።

እንግዲህ የሲሊንደር አለማቃጠል፣ ማለትም ሚስፋየር፣ አንደኛ ነው። መብራቱ ቋሚ ሆኖ ሲበራና ብልጭ ድርግም ሲል ትርጉሙ አንድ አይደለም፤ ብልጭ ድርግም ማለቱ ካታሊስቱን የሚያቃጥል መጠን ያለው ሚስፋየር በዚያው ሰዓት እየተካሄደ ነው ማለት ስለሆነ ነጂው ወዲያውኑ ነዳጅ መርገጡን ቀንሶ በቅርብ መቆም ይገባዋል። ሚስፋየርን የማስቀድምበት ሌላም ምክንያት አለ። ባልተቃጠለው ሲሊንደር ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ሳይነካ ወደ ማርሚታው ይወጣል፤ የፊተኛው ሴንሰር ደግሞ ኦክስጅኑን እንጂ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ስለማይቆጥር "አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል" ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩም አምኖት ለሁሉም ሲሊንደር ቤንዚን ይጨምራል። በዚህ ዓይነት አንዲት የታመመች ቦቢና፣ ማለትም ለካንዴላው የእሳቱን ኤሌክትሪክ የምትሰጥ ዕቃ፣ ሦስት ኮዶችን ልታወጣ ትችላለች።

ይህንን ለመፈተሽ ምንም ዕቃ መግዛት አላስፈለገም። በእኔ ሞተር ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ከካንዴላው በላይ ተቀምጧል፤ የሁለተኛውን ቦቢና ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ወደ ሁለተኛው አዛውሬ ካስነሣሁት በኋላ ኮዱ ወደ ፒ0303 ተዛወረ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ተጓዘ ማለት ነው። ኮዱ እዚያው ሁለተኛው ላይ ቢቀር ኖሮ ቀጥሎ ካንዴላውን፣ ከዚያ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር፣ በመጨረሻም የሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ማየት ይገባ ነበር። ቦቢናው ሲወጣ በጎማው ውስጠኛ ክፍል፣ በካንዴላውም ነጭ ፖርስሊን ላይ፣ ከላይ እስከ ታች የወረደ የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታይ ነበር፤ እሳቱ በካንዴላው ጫፍ መዝለሉን ትቶ በዚያ መስመር ወደ ብረቱ ይሸሽ ነበር ማለት ነው። መስመሩ በአንዱ ላይ ካለ ጎማውንና ካንዴላውን በአንድነት መቀየር ይሻላል፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ አሮጌው አዲሱን መልሶ ያበላሸዋል። እርጥበት ለዚህ ብልሽት ምቹ ነው፤ ክረምቱ ረጅም የሆነበት የጅማ አየር አንድ ነገር ሆኖ፣ ሞተርን በከፍተኛ ግፊት ውኃ ማሳጠብ ደግሞ ከክረምቱ የባሰ ይመስለኛል፤ ውኃው ካንዴላው በተቀመጠበት ጉድጓድ ገብቶ ለቀናት ይቀመጣል።

ካንዴላ ስንገዛ በኮዱ መጨረሻ ያለችውን ቁጥር ማየት ይጠቅማል። በዴንሶና በኤንጂኬ ካንዴላዎች ላይ በመጨረሻ የምትጻፈው 11 የ1.1 ሚሊ ሜትር ክፍተትን ታመለክታለች። ክፍተቱ የጠበበ ካንዴላ ሞተሩን ያስነሣል፤ ሆኖም በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ የሚያንገጫግጭና ያልተቃጠለ ነዳጅ የሚያሳልፍ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ቦቢና ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ማስመጣትን አልነቅፍም፤ ቦቢናን አዛውሮ መፈተሽ ይቻላል።

ቀጥሎ ያየሁት ምንም ኮድ ያላወጣ ነገር ነበር። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ እየሄድን ጓደኛዬ ስካነሩን ይዞ የሞተሩን ሙቀት ሲያነብልኝ ከ65 ዲግሪ ከፍ አላለም፤ ከተማ ውስጥ ቆመን ስንጠብቅ ብቻ ነበር ወደ 80 የሚጠጋው። ጋራዥ ገብተን ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን የቴርሞስታቱን ክዳን ስናስከፍት ቤቱ ባዶ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ወይም መካኒኩ አውጥተው ጥለውታል። አገራችን ሙቅ ስለሆነች ቴርሞስታት አያስፈልግም የሚለው አስተሳሰብ በጣም የተስፋፋ ነው፤ አንድ ጊዜ ተጣብቆ ሞተር ያፈላበት ሰው ይህን ሐሳብ ቢቀበል አይገርመኝም። ነገር ግን 82 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈት ቴርሞስታት የሌለው ሞተር፣ በተለይ በጅማ ቀዝቃዛ ማለዳ፣ ረጅም መንገድ እየሄደም አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እየተነሣ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ያ ትርፍ ቤንዚን ከፊሉ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ከፊሉ ወደ ካታሊስቱ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ፣ ባልሞቀ ሞተር ላይ የሚነበብ የድብልቅ ቁጥር አይታመንም። ቴርሞስታት ርካሽ ዕቃ ቢሆንም ሁለተኛ ያደረግሁት በዋጋው ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ምርመራ እውነተኛ ስለሚያደርገው ነው።

ሞተሩ በትክክል መሞቅ ከጀመረና ሚስፋየሩ ከጠፋ በኋላም ፒ0171 ተመለሰ፤ ስለዚህ የራሱ ምክንያት አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በብዙ ጋራዦች ይህ ኮድ ሲታይ ወዲያው ሴንሰር ወይም የቤንዚን ፓምፕ ይታዘዛልና። ኮምፒውተሩ ከመሠረታዊ ስሌቱ ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ የሚያሳይ ፊውል ትሪም የሚባል ንባብ በማንኛውም ርካሽ ስካነር ላይ አለ። ከአሥር በመቶ ብዙም ያልራቀ መጨመር ወይም መቀነስ እንደ ጤናማ ይታያል። የእኔው በሚኒሞ ላይ 24 በመቶ ይጨምር ነበር፤ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር ሳደርሰው ግን ወደ 6 በመቶ ወረደ። ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። በሚኒሞ ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ የሚገባው ትርፍ አየር ድርሻው ከፍ ይላል፤ ዙሩ ሲጨምር ግን ያው ቀዳዳ ከጠቅላላው አየር ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ቁጥሩ በተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ሲወጣ ቢብስ ኖሮ፣ የቤንዚን ፓምፕ ድካም፣ የታፈነ የነዳጅ ማጣሪያ ወይም የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር እጠረጥር ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ፈተና ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው ዳገት ተስማሚ ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ ተረግጦ ሲወጣ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ቀዳዳውን ያገኘልኝ በሰፈራችን ብዙ ዓመት የሠሩ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ስካነሩን አላዩትም፤ አንድ ክንድ የምትሆን ቀጭን የጎማ ቱቦ ከመሣሪያ ሣጥናቸው አውጥተው አንድ ጫፏን ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በአየር ማስገቢያው ዙሪያ እያንቀሳቀሱ ያዳምጡ ጀመር።

"ና፣ አንተም ስማው፤ ይሄ ያፏጫል" አሉኝ።

"ከየት ነው ጋሼ?"

"ከሥር ነው። ከላይ ብታየው ምንም የለውም።"

ከሞተሩ ሆድ ትነት ከሚያስወጣው ፒሲቪ ከሚባለው ቫልቭ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደው የጎማ ቱቦ በመታጠፊያው ከሥር በኩል ተሰንጥቆ ነበር። ቱቦውን በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ሲይዙት ሲንቀጠቀጥ የነበረው ሚኒሞ ወዲያው ተስተካከለ፤ ሲለቁት ተመለሰ። የተሰነጠቀውን ቱቦ በማስቲሽ ወይም በፕላስተር ጠቅልሎ ማለፍ ያጓጓል፤ ሆኖም ዘይትና ሙቀት ባለበት ቦታ የሚቆይ አይሆንም፣ ተራ የውኃ ቱቦም ዘይት ሲነካው አብጦ ይላላል። ዘይት የሚችል ቱቦ በልኩ ቆርጦ በማሰሪያ ማጥበቅ ይገባል። ይህን ቀዳዳ ለመፈለግ ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ በሚሠራ ሞተር ላይ የሚረጩ አሉ፤ የጋለ የጭስ ማኒፎልድ አጠገብ ይህን ማድረግ አያስፈልግም፤ መቆንጠጥና ማዳመጥ ይበቃል።

ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ማኒፎልድ ስንጥቅም ተመሳሳይ የውሸት ንባብ ይሰጣል፤ በጭሱ ምት መካከል የውጭ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ ሴንሰሩን ያታልለዋል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅና በጋስኬቱ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ምልክቶቹ ናቸው። የአየር መጠን ሴንሰሩን በተመለከተ በኮምፕረሰር አየር መንፋትን እጅግ እቃወማለሁ፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር የማይወፍር ነውና ይበጠሳል። ለኤሌክትሮኒክስ የተዘጋጀ፣ ሳያጥቡት የሚደርቅ ማጽጃ ሳይነኩ ረጭቶ ማድረቅ ነው ወጉ።

አሁን ወደ ኦክስጅን ሴንሰሮቹ እንምጣ። ሁለቱ ሴንሰሮች ሥራቸው የተለያየ ነው። ከካታሊስቱ በፊት ያለው ለኮምፒውተሩ ድብልቁን የሚያስተካክልበትን መረጃ ይሰጣል፤ ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ደግሞ በዋናነት ካታሊስቱ ሥራውን መሥራቱን ይመለከታል። ገንዘብ ለአንድ ብቻ ካለ የፊተኛው ይገዛ፤ የፊተኛው ሲሳሳት ቤንዚን ይባክናል፣ ካታሊስቱም ይጎዳል፤ የኋለኛው ሲሳሳት የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ስሜት ነው። ግን የማሞቂያ ኮድ ስለወጣ ብቻ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ፊውዙና ሶኬቱ ይታይ። ከዚያ ሴንሰሩ ተነቅሎ የማሞቂያው ሁለት ሽቦዎች በመልቲሜትር ሲለኩ ጥቂት ኦም ወይም አሥርና ሃያ ኦም ገደማ ካሳዩ ማሞቂያው አለ፤ ሜትሩ መስመሩ ክፍት ነው ካለ ማሞቂያው ተበጥሷል። የእኔው ተበጥሶ ነበር። ማሞቂያ የሌለው ሴንሰር እስኪሞቅ ድረስ ኮምፒውተሩ በግምት ይነዳል፤ ከቤት እስከ ሂርማታ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ትምህርት ቤት ብቻ ለሚሄድ መኪና ይህ ማለት የጉዞውን ሰፊ ክፍል በግምት መሄድ ነው።

ያገለገለ ሴንሰር መግዛትን አልደግፍም። ያገለገለ ቦቢና በዓይንና በሙከራ ይታወቃል፤ ያገለገለ ሴንሰር ግን ይሠራ እየመሰለ የዘገየ ሊሆን ይችላል፣ መዘግየቱን ለማወቅም በጥሩ ስካነር ግራፉን ማየት ያስፈልጋል። ሶኬቱ የማይገጥም ሴንሰር ገዝቶ ሽቦውን በእሳት ቆርቆሮ ማያያዝም የራሱ መዘዝ አለው፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚፈልጉትን የውጭ አየር የሚስቡት በሽቦዎቻቸው ውስጥ ስለሆነ ቀልጦ የሞላው ቆርቆሮ ያንን መንገድ ይዘጋዋል። በጭስ መስመሩ አካባቢ ሲሊኮን ማሸጊያ መጠቀምም ሴንሰሩን ይገድለዋል።

የቤንዚን ትነት መቆጣጠሪያውን፣ ማለትም ከሰል ያለበትን ጣሳና የመሳቢያ ቫልቩን፣ ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች የሰርባቶዮ (የነዳጅ ታንክ) ክዳን ሲላላ እንኳ ኮድ ይወጣል፤ ያኔ አዲስ ክዳን ወይም የክዳኑን ጎማ መቀየር ቀላል ነውና ተራ አያስጠብቅም። የመሳቢያ ቫልቩ ተከፍቶ ከቀረ ግን እንደ ተሰነጠቀ ቱቦ ሆኖ ድብልቁን ስለሚያዛባ ከላይ ካነሣሁት የአየር ሾልኮ መግባት ጋር አብሮ ይታይ። ዘመድ አዝማድ የሚጠይቀኝ የናፍጣ ሚኒባሶችና ፒክአፖች ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ በእነርሱ ላይ ጥቁር ጭስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ማጣሪያው፣ የተርቦው ቱቦዎች፣ ከዚያም ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር ቫልቭ ተከፍቶ መጣበቁ ነው፤ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ወደ ማስፈተሻ የሚላከው ከዚህ በኋላ ነው። በበጋ የገጠር መንገድ አቧራ ቡና ሲጭን የከረመ መኪና ማጣሪያው ብቻ ተቀይሮለት ጭሱ ሲቀንስ አይቻለሁ።

ጭስ መለኪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ያገኘ ሰው ቁጥሮቹን በዚሁ ቅደም ተከተል ሊያነባቸው ይችላል። ያልተቃጠለ ነዳጅ ብቻ ከፍ ካለ ሚስፋየር ይጠርጠር፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ካለ ቤንዚን በዝቷል፣ ስለዚህ ሴንሰር፣ ቴርሞስታት ወይም የሚያፈስ ኢንጀክተር ይታይ፤ ሁሉም በትንሽ በትንሹ ከፍ ካሉና ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ያኔ ነው ጣት ወደ ካታሊስቱ የሚቀሰረው።

ካታሊስቱ ራሱ መጨረሻ ይመጣል አልኩ እንጂ አይታይም አላልኩም። መዘጋቱን ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቀፎውን በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመቱት ውስጡ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰብሯል። የፊተኛውን ሴንሰር አውጥቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ማስገባት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካሳየ መስመሩ ታፍኗል። በቫኪዩም መለኪያ የሚሠሩ መካኒኮች ግን አንድ ነገር ማሰብ ይገባቸዋል። በመጻሕፍት ላይ የሚገኘው ከ17 እስከ 21 ኢንች (ሜርኩሪ) የሚለው ጤናማ የሚኒሞ ንባብ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ12 እስከ 15 ቢያሳይ የተለመደ ነው። በስካነር የሚነበበው የከባቢ አየር ግፊትም በባሕር ጠለል ካለው 101 ኪሎ ፓስካል ይልቅ 82 ወይም 83 አካባቢ ሆኖ ይታያል። ይህን ሳያገናዝቡ ካታሊስቱ ተዘግቷል ብለው የሚያስከፍቱ አሉ።

የእኔው አልተዘጋም፤ አይንኳኳም። ሌሎቹ ሁሉ ከተጠገኑ በኋላ ፒ0420 ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ በቅርቡ ተመልሷል፤ አሁን ብቻውን ስለሆነ አምነዋለሁ። ሆኖም ካታሊስት ከማዘዜ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። በዚያ ዘመን የተሠሩ የኮሮላ ሞተሮች፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት ያሉት፣ የፒስተን ፋሻቸው (ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች) በካርቦን እየተጣበቀ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ የእኔም ጠዋት ሲነሣ ሳይሆን ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ያሳያል፣ ይህም ከቫልቭ ሲል ይልቅ ወደ ፋሻው ያመለክታል። ስለዚህ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልቼ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጽፌ 1,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው። አንዳንድ አምራቾች በዚህ ርቀት እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ፍጆታን ይታገሣሉ፤ እኔ ግን ለአዲስ ካታሊስት ብዬ ከግማሽ ሊትር በላይ አልታገሥም። ከዚያ ካለፈ ለካታሊስቱ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ወደ ፋሻውና ወደ ቴስታታው ጋስኬት ይሄዳል፣ አሮጌው ካታሊስትም መብራቱ እንደበራ በቦታው ይቆያል፤ ካላለፈ ደግሞ በቀፎው ላይ የሞተሩ ዓይነት የተጻፈበት፣ በክብደቱም ባዶ ያልሆነ ካታሊስት ከአዲስ አበባ አዝዛለሁ።